የታሸገው ፉርጎ

ባቡሩ ድንበሩ ላይ ሲቆም ልብስ ሰፊዋ ምሳ እያቀረበች ነበር። ጭኗ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ፣ የተቀቀለ እንቁላል ልጣ፣ ዳቦውን እየቆረሰች ከአማቷ ፊት ትደረድራለች። አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የጨረሱ፣ ትከሻቸው አሁንም ሳንቃ የተሸከመ የሚመስል ሽማግሌ ናቸው። ወሬ አይወዱም። ባሏ ለሥራ ድንበር ከተሻገረ ወዲህ ከእኚህ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር፣ «ደህና አደርሽ» እና «እራት ደርሷል ወይ» ከመባባል አልፈው ብዙም አልተጫወቱም። ትፈራቸዋለች። አሁን ባሏ ሰፋ ያለ ቤት ተከራይቶ ሁለታችሁም ኑ ስላላቸው ነው የሚጓዙት።

ሽማግሌው ስኳር በሽታ አለባቸው። በመርፌ የሚወስዱት መድኃኒት ምግብ ከተከተለው ያድናል፤ ካልተከተለው ግን ሰውነታቸው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ስኳር ጠርጎ ይጥላቸዋል። ይህን የሚያውቁት እሳቸው፣ ሐኪማቸውና ምራታቸው ብቻ ናቸው። ከጉዞው በፊት አንድ ጎረቤት፣ በሽተኛ ሰው ድንበር ላይ ከነሻንጣው ነው የሚመለሰው ብሎ አስፈራርቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሕመማቸውን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ደበቁት። መርፌውን ካልሲ ውስጥ ጠቅልለው ሻንጣቸው ሥር ወሸቁት፤ ምራታቸውንም ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አስማሏት። ልጃቸውን ሳያዩ ቢመለሱ ጥፋቱ የሷ እንደሚሆን ነገሯት። እሷም ማለች።

ምሳው ሲቀርብ ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞር ብለው፣ ካፖርታቸውን ከለላ አድርገው ሆዳቸውን ወጉ። መርፌውን ወደ ካልሲው መልሰው እንደከተቱት የፉርጎው በር ተበረገደና ጓንት ያጠለቀ ሰውዬና ትልቅ ጆንያ የያዘች ሴት ገቡ። ከዚያ ወገን የሚመጣ ምግብ በሽታ ያስገባል ተብሎ ተከልክሏል አሉ። መንገደኛውን ሁሉ ዘንቢልና ሻንጣ እያስከፈቱ ዳቦውን፣ ፍራፍሬውን፣ ወተቱን፣ ብስኩቱን ሳይቀር ጆንያ ውስጥ ጨመሩት። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሲደርሱ ሴትዮዋ ጋዜጣውን ከነእንቁላሉ ከነዳቦው ጠቅልላ አነሳችው።

«እባክሽ፣ ለሳቸው እንኳ...» ብላ ልብስ ሰፊዋ ሳትጨርስ የሽማግሌው ጫማ እግሯን ረገጣት። አጥብቆ ረገጣት። አፏን ዘጋች። ሴትዮዋም አለፈች።

ተቆጣጣሪዎቹ ከመውረዳቸው በፊት የፉርጎውን የሻይ ቁምሳጥን ከነስኳሩ አሸጉት። ትኬት ቆራጩም የሁሉንም ፓስፖርት በአንድ ቦርሳ ሰብስቦ ተከትሏቸው ወረደ። በስተጣቢያው በኩል ያለው በር ከውጭ ተቆለፈ። በወዲያኛው በኩል ያለው በር ቁልፉ የተበላሸ ስለነበር እጀታውን በሽቦ ጠፍረው የእርሳስ ማኅተም መቱበት። ማኅተሙን የነካ ወዮለት ብለው ሄዱ።

«ምንም አይደል» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከምግብ ቤቱ ፉርጎ አንድ ነገር ግዢልኝ።»

ከፊት ለፊታቸው የተቀመጠው መንገደኛ ይህን ሰማ። ጸጉር አስተካካይ ነው፤ መቀስና ማበጠሪያውን በቆዳ ቦርሳ ይዞ ዘመዶቹ ጋ ሥራ ሊጀምር የሚሄድ፣ ከተነሱ ጀምሮ አፉ ያላረፈ ሰው። የምግብ ቤቱ ፉርጎ ድንበር እንደማይሻገር፣ ባለፈው ጣቢያ ተፈትቶ እንደቀረ፣ እነሱ ተኝተው ሳለ እሱ ራሱ ሲፈታ እንዳየ ነገራቸው። ልብስ ሰፊዋ ልቧ ስንጥቅ አለ። ሽማግሌውን አየቻቸው። እሳቸው ግን መስኮቱን እያዩ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሰዉ ሁሉ ነገሩን ቀለል አድርጎ ነበር የያዘው። ሁለት ነጋዴዎች ሻንጣ በመካከላቸው አጋድመው ካርታ ይጫወታሉ። አንዲት አራስ ሕፃኗን እያጠባች ታንቀላፋለች። ጸጉር አስተካካዩ፣ ሹፌሩ ሚስቱን ሊያስፈቅድ ወርዶ ነው የዘገየው እያለ ያስቃቸዋል። ቆይቶም አንደኛውን ነጋዴ መተላለፊያው ላይ አስቀምጦ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ አስሮ ጸጉሩን ከረከመው፤ ሌላው ተሳፋሪ ከቦ አቃቂር ያወጣ ነበር። ሳቅ ነበረ። ውጭ ግን ወታደሮች ከነውሻቸው ከፉርጎ ፉርጎ ይመላለሳሉ። ከኋለኛው ፉርጎ አንድ ሰው እጁን ወደ ኋላ ተይዞ ሲወርድ ሁሉም በመስኮት አዩ። ከዚያ በኋላ ካርታው ቀስ በቀስ ቆመ። ጸጉሩ የተቆረጠው ነጋዴ የተራረፈውን ከአንገቱ ሳያራግፍ ሄዶ ተቀመጠ። ፓስፖርታችን የት ደረሰ የሚል ሹክሹክታ ተነሳ።

ልብስ ሰፊዋ ከውጭው ይልቅ የአማቷን እጅ ነበር የምታየው። ጉልበታቸው ላይ ያረፈው እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ፉርጎው ግን ይቀዘቅዛል። ጎንበስ ብላ፣ አባባ ልንገራቸው ስትል ለመነቻቸው። ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። ጥቂት ቆይታ ደግማ ለመነቻቸው። በዚህኛው ጊዜ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ «ገንዘቤን የት አደረግሽው?» አሏት። የምን ገንዘብ ብትል፣ ከልጄ ቤት የሰረቅሽው ብለው ጮኹባት። ፉርጎው ሁሉ ዞሮ አየ። አንደኛው ነጋዴ ሽማግሌው ጠጥተዋል መሰለኝ አለ። ልብስ ሰፊዋ ሐፍረት አልተሰማትም። የሰማችው ሰውየውን ሳይሆን ሐኪሙ አንድ ጊዜ ያላትን ነበር፤ ስኳራቸው ሲወርድ መጀመሪያ ጠባያቸው ይለወጣል፣ ከዚያ ይተኛሉ፣ ከዚያ ካልደረስሽ አይነሱም ብሏት ነበር።

ተነስታ የሚበላ የቀረው ሰው ካለ ብላ እያንዳንዱን ለመነች። አራሷ ባዶ ዘንቢሏን ገልብጣ አሳየቻት። ነጋዴዎቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ውሃ እንጂ ሌላ ነገር በፉርጎው ውስጥ አልነበረም። የታሸገውን ቁምሳጥን በጡጫዋ መታችው፤ ብረት ነው። የመስኮቱን መስታወት ብትደበድብ ታች የቆመ ወታደር በጠመንጃው አፈሙዝ ወደ ውስጥ ግቢ ብሎ አመለከታት። በመስታወቱ በኩል ስትጮኽ አፏን ያያል እንጂ አይሰማትም፤ ፊቱን አዞረ።

ስትመለስ ሽማግሌው አንገታቸው ወደ ጎን ወድቋል። ጸጉር አስተካካዩ ጎናቸው ተቀምጦ ደግፏቸዋል። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል።

«እህቴ፣ እኚህ ሰው አልጠጡም። ምን ነክቷቸው ነው?»

መሐላዋን አፈረሰች። ነገረችው፤ በጆሮው፣ ባጭሩ። ጸጉር አስተካካዩ ሽማግሌውን አስደግፎ ተነሳ። ወደ ወዲያኛው መስኮት ሄዶ ወደ ውጭ ተመለከተና ጠራት። ከሐዲዶቹ ማዶ፣ ከቆሙት የጭነት ፉርጎዎች ጀርባ፣ ጭስ የሚወጣባት ትንሽ ቤት ትታያለች። ሐዲድ የሚጠግኑ ሠራተኞች ቤት ትሆናለች አላት። እሱ ሮጦ ሊያመጣላት እንደሚችል፣ ግን ወታደር ወንድ ልጅ ሲሮጥ ካየ ሳይጠይቅ ሊተኩስ እንደሚችልም ነገራት። ይህን ሲላት ከንፈሩ ደርቆ ነበር። እሷ፣ እኔ ነኝ የምሄደው፣ አንተ ራሳቸውን ቀና አድርገህ ያዝልኝ አለችው።

መቀሱን አውጥቶ የበሩን ሽቦ ቆረጠ። የእርሳሱ ማኅተም ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ነጋዴዎቹ አይተው እንዳላዩ ፊታቸውን አዞሩ።

በሩ ከመሬት ሩቅ ነበር። በሆዷ ተንሸራትታ ወረደች፤ ጠጠሩ ላይ ስታርፍ ቁርጭምጭሚቷ ታጠፈ፣ ግን አልቆመችም። በጭነት ፉርጎዎቹ ሥር ቀሚሷን ሰብስባ በአራት እግሯ ሾለከች። የውሻ ጩኸት በሰማች ቁጥር ትንፋሿን ውጣ ትጋደማለች። ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ እኔ እዚህ ሳለሁ ባቡሩ ቢሄድስ? ፓስፖርት የለኝ፣ ገንዘብ የለኝ፣ አማቴ ሞተው ባሌ ጋ ብቻቸውን ቢደርሱስ? ይህን እያሰበች ሄደች።

ደረሰችና በሩን አንኳኳች። ውስጥ የነበረ የዕቃ ኮሽታ ወዲያው ጸጥ አለ።

«ማነው?» አለ የሴት ድምፅ።

«ከባቡሩ ነኝ እህቴ። አማቴ ሊሞቱብኝ ነው። ትንሽ ስኳር ስጪኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ከባቡር ለወረደ ሰው በር አትክፈቱ ተብለናል። ባሌን ከሥራ ያባርሩብኛል። ሂጂልኝ።»

«በሩን አትክፈቺ። በመስኮት ወርውሪልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። ልትጮኽ ፈለገች፤ ብትጮኽ ወታደሮቹ ይመጣሉ። ዝም ብላ ከመቆም በቀር ማድረግ የምትችለው አልነበረም። እንደዚያ ዝም ብላ መቆም ከመሮጡ ይበልጥ ከበዳት። ከዚያ የመስኮቱ መዝጊያ ገርበብ አለና አንድ እጅ ወጣ፤ በመሐረብ የተቋጠረ ስኳር፣ ቁራሽ ዳቦና ገና ትኩስ የሆነ የተቀቀለ ድንች። ፊቷን አላየችውም። መዝጊያው ተመልሶ ተዘጋ።

ዞር ስትል የባቡሩ ጡሩምባ ጮኸ። ብረት ከብረት ተንቋቋ። ከጭነት ፉርጎዎቹ በላይ የሚታየው የባቡሩ ጣሪያ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ከኋላዋ ሴትዮዋ በመስኮት አንድ ነገር ተናገረች። ልብስ ሰፊዋ አልሰማቻትም። መደበቁን ረስታ፣ ቋጠሮውን ደረቷ ላይ አጣብቃ እየሮጠች ነበር። በፉርጎዎቹ ሥር ስታልፍ ጀርባዋን ብረት ፋቃት። ወዲያ ስትወጣ ሐዲዱ ባዶ ነው። ባቡሩ የለም። ጅራቱ ብቻ በጣቢያው ጫፍ ሲታጠፍ አየችው። ወደዚያው መሮጥ ጀመረች።

«ቁሚ።»

ወታደሩ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ወጣት ነው፤ ጠመንጃው ግን ደረቷን ያያል። ፓስፖርቷን ጠየቃት። እናንተ ጋ ነው አለችው። ከየት እንደወረደች ጠየቃት። ባቡሩ ወደሄደበት አመለከተች። ዓይኑ ቋጠሮው ላይ አረፈ። ፍቺው አላት። ጣቶቿ ቋጠሮውን መፍታት አቃታቸው፤ በጥርሷ ፈታችው። ነጩን ነገር ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስኳር ነው።»

«ብዪው።»

አንድ እፍኝ አፏ ውስጥ ጨመረች። አፏ ደርቆ ስለነበር እንደ አሸዋ ሆነባት፤ ስትውጠው አነቃት፣ እንባዋም መጣ። በዚያው አፏ፣ ከአገሯ ከተነሳች ጀምሮ ስትፈራው የነበረውን ቃል ተናገረች።

«አማቴ ስኳር በሽታ አለባቸው። መድኃኒት ወግተው ሳለ ምሳቸውን ወሰዳችሁባቸው። ይህን ካላደረስኩላቸው ይሞታሉ። ከፈለግክ ተከትለኸኝ ና፣ ከፈለግክ እሳቸው ከበሉ በኋላ እሰረኝ።»

ወጣቱ አለቃው ያየው እንደሆነ ብሎ ወደ ጣቢያው ገልመጥ አለ። እሱም እንደሷ ይፈራ ነበር። ከዚያ ጠመንጃውን አንግቶ ክንዷን ያዘና እየገፋ ወሰዳት። በመንገድ ላይ፣ ፊቱን ሳያዞርባት፣ ባቡሩ እንዳልሄደ፣ ሞተር ሊቀየርለት ወደ ሌላ ሐዲድ እንደተጎተተ ነገራት። ልብስ ሰፊዋ እግሮቿ መሬት መንካታቸውን አላወቀችም።

ወታደሩ በሩን ከፍቶ ሲያስገባት ሽማግሌው መቀመጫው ላይ ተጋድመዋል። ጸጉር አስተካካዩ ጭኑ ላይ ራሳቸውን ይዞ፣ አባባ አይተኙ፣ አባባ ያዋሩኝ እያለ ጉንጫቸውን ይደባብሳል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ተንበርክካ ጣቷን በውሃ አርሳ ስኳር አስነካችና በድዳቸው ላይ፣ በጉንጫቸው ውስጥ አሸችው። ደግማ አሸች። ምንም የለም። አሁንም አሸች። የማትደፍራቸውን ሰውዬ መንጋጋ በእጇ ይዛ፣ «ይዋጡ፣ ይዋጡ እንጂ» ብላ ተቆጣቻቸው። አራሷ ሕፃኗን አቅፋ ትጸልያለች። ብዙ ቆይቶ ጉሮሯቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ምላሳቸው ራሱ ስኳሩን ፈለገ።

ድንቹን እየፈረፈረች አጎረሰቻቸው፤ ዳቦውን በውሃ አርሳ አጎረሰቻቸው። ላባቸው ደረቀ። ዓይናቸው ተገልጦ ምራታቸውን ለየ።

«ነገርሻቸው?» አሉ፤ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር።

«ነገርኳቸው አባባ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወዲያው አንድ መኮንን ፓስፖርቶቹን የያዘ ቦርሳ አንግቶ ከወታደሮች ጋር ገባ። ትኬት ቆራጩ ከኋላው ነው። መኮንኑ የተቆረጠውን ሽቦ በጣቱ አንስቶ አየው፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር፣ እሱ ግን በለሆሳስ ነበር የተናገረው። ሽቦውን ማን እንደቆረጠው ጠየቀ። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ የወረደችው እሷ መሆኗን ተናገረች። መኮንኑ፣ ማን ወረደ አላልኩም፣ ማን ቆረጠ ነው ያልኩት አላት። ነጋዴዎቹ የጸጉር አስተካካዩን ቦርሳ በዓይናቸው ገረፍ አድርገው መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ነኝ» አለ ጸጉር አስተካካዩ። ቆሞ ነበር፤ ድምፁ ግን በጭንቅ ነው የተሰማው።

ሁለት ወታደሮች ግራና ቀኝ ያዙት። ይሄኔ ሽማግሌው መቀመጫውን ተደግፈው ሊነሱ ሞከሩ። እግራቸው አልጸናም፤ ምራታቸው በብብታቸው ገብታ አነሳቻቸው።

«በሽተኛው እኔ ነኝ» አሉ ሁሉም እየሰማቸው። «ለእኔ ብሎ ነው ያደረገው። የሚመለስ ካለ እኔን መልሱኝ፣ እሱን ልቀቁት።»

መኮንኑ ግራ ተጋብቶ አያቸው። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ድንበር እንዳያልፍ የሚል ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ፣ መጀመሪያውኑ ቢናገሩ ምግባቸው እንደማይነካ ነገራቸው። ፓስፖርታቸውን አውጥቶ ሰጣቸው፤ ለሷም ሰጣት። የሽቦው ነገር ግን ሌላ ነው አለ። ጸጉር አስተካካዩን ይዘውት ወረዱ። ቦርሳውን አልዘነጉትም፤ ከነመቀሱ ወሰዱት።

ሽማግሌው እንደቆሙ ቀሩ። በከንቱ ነበር ያ ሁሉ መደበቅ፤ ይህን የተረዱት ፊታቸው ላይ ታየ። ልብስ ሰፊዋ ቁጭ አደረገቻቸው። ከዚያ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። በመስኮት ስታይ ጸጉር አስተካካዩ ከአንድ ግድግዳ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ወታደር አጠገቡ ቆሟል። እጇን አነሳች። እሱ ግን ወታደሩን ፈርቶ ይመስላል አላነሳም።

ባሏ ጣቢያ ሲቀበላቸው አባትየው እቅፍ አድርገው ሳይስሙት ነበር ነገሩን የጀመሩት። ሕመማቸውን፣ መሐላውን፣ ምራታቸው ያደረገችውን፣ በእሳቸው ምክንያት ሰው ታስሮ መቅረቱን፣ ሁሉንም አንድ ሳይደብቁ ነገሩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከድንበር የሚመጣ ባቡር ሁሉ ሲገባ ሽማግሌው ጣቢያው ላይ ናቸው። ምራታቸው ምግባቸውን ቋጥራ አብራቸው ትቀመጣለች። ከመውረጃው የሚፈሰውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ያያሉ፤ ሰዉ ሲያልቅ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ባሏ ያልጠየቀው ቢሮ የለም። ሁሉም ወደ ሌላው ይልከዋል። ሌሊት ሌሊት እሷ፣ ሽቦውን እኔ ነኝ የቆረጥኩት ብዬ ለምን አልዋሸሁም እያለች ትገላበጥ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ፣ ጸጉር አስተካካዩ ከመጨረሻው ፉርጎ ወረደ። ቦርሳው አብሮት የለም። ከስቷል። ሽማግሌው መሮጥ እንደማይችሉ ረስተው ሮጡ። ምን አደረጉህ ልጄ ብለው ጠየቁት። ምንም፣ አስቀመጡኝ እንጂ አልነኩኝም፣ ብቻ ነገ ነገ እያሉኝ ነው የቆየሁት አለ።

ዘመዶቹ ጋ ከመሄዱ በፊት ቤት ወሰዱትና ምሳ አቀረቡለት። ገና ሁለት ጊዜ ሳይጎርስ በሩ ተንኳኳ። ጸጉር አስተካካዩ የያዘውን ዳቦ ሳህኑ ላይ አስቀምጦ ተነስቶ ቆመ። ልብስ ሰፊዋም ጭልፋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ደግሞ ተንኳኳ።

ሽማግሌው ሁለቱንም አዩዋቸው። ከዚያ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው፣ «ተቀመጡ፣ እኔ እከፍታለሁ» አሉና ወደ በሩ ሄዱ። ጎረቤት ነበረች፤ መሰላል ልትዋስ ነው የመጣችው። ሽማግሌው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ውስጥ ያሉት እንዲያዩአት ብለው ወደ ጎን ቆሙላት።